ሐሙስ የሚዘለለው መዝሙር

«እትዬ፣ ይኼን ብል ነው የበላው?» አለኝ ቆዳ ሰፊው። የሰጠሁትን አሮጌ ዳዊት ከፍቶ የአንዱን ቅጠል ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል።

«ብል አይደለም፤ መርፌ ነው» አልሁት።

«ዳዊት ደግሞ ይሰፋል እንዴ?» ብሎ ሣቀ።

ምን ብዬ ልንገረው? ፒያሳ ካለችው ከዚያች ጠባብ ሱቅ የገባሁት ለዳዊቱ አዲስ ማኅደር ላሰፋ እንጂ ንስሐ ልገባ አይደለም። የቀድሞው የቆዳ ማኅደር ማንገቻው ተበጥሶ፣ ጎኑም ተተርትሮ አልሆን ብሎኝ ነው። ቆዳ ሰፊው ግን ልኬቱን ሊወስድ በውኃ የራሰ ቆዳ ሲዘረጋ ሽታው መጣ። እርጥብ ቆዳ፣ ሙጫ፣ ሰም የተቀባ ክር። አቤት ሽታ! ሰው ያረጃል እንጂ ሽታ አያረጅም። በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነና አያ ፈንቴ ቤት ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ዝናብ አያለሁ።

አያ ፈንቴ የእናቴ አጎት ነበሩ። በጎልማሳነታቸው የደብር ዕቃ ቤት ጠብቀዋል። ካረጁ በኋላ ግን ብቻቸውን በሚኖሩባት ባለ አንድ ክፍል ቤታቸው ተቀምጠው የተበተነ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር። አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እናቴ ከምንኖርባት ከጠዳ ይዛኝ መጣችና እሳቸው ዘንድ አስቀመጠችኝ። እሷ ወደ ቆላ፣ ወደ ሳንጃ መውረዷ ነው፤ ሰሊጥ ለሚያርሙ ሠራተኞች ወጥ ልትሠራ።

«ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ» አለችኝ። «አደይ ለቅመሽ ጠብቂኝ፣ እሺ ስንዱዬ?»

እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ያቅታል!

ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሰፈሩን አላውቀው፣ ልጆቹ አያውቁኝ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ስሄድ «የጠዳዋ» ይሉኛል እንጂ ስሜን የጠየቀኝ የለም። አያ ፈንቴም ወሬ አያበዙም። «በላሽ?» «ጠጣሽ?» «መርፌውን ክር አግቢልኝ፤» በቃ፣ የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት የኔ ሥራ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አንዳችን ያልነውን ሌላችን አንሰማም፤ እውነት ለመናገር ብዙም የምንሰማው ነገር አልነበረም። ጣራው ላይ አንዲት ወፍ ነበረች፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር መጥታ ለብቻዋ ትቆማለች። ጓደኛዬ ናት ብዬ ነበር፤ ወፏ ግን መኖሬንም አላወቀች።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ፈንቴ አዘኑልኝ መሰል፣ «ፊደል ታውቂ የለም? ነይ ዳዊት ላስቀጽልሽ» አሉኝ። ግዕዙ ምን እንደሚል ሳላውቅ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠርሁ፣ ከዚያም እያያያዝሁ ማንበብ ጀመርሁ። ሲያነቡ እከተላቸዋለሁ፤ ስሳሳት በእንጨት ማመልከቻቸው ገጹን ቸብ ያደርጋሉ። ከደስታዬ ብዛት ሌሊት በእንቅልፍሽም ታነቢያለሽ ይሉኝ ነበር።

ዳዊት የሚደገመው በየቀኑ ተከፍሎ ነው። የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይነበባል። የየቀኑ መጀመሪያ እንዳይጠፋቸው ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀለም ያለው ክር አስረውበታል፦ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ቢጫ፣ እንዲህ እያለ። እኔ ቀኑን የሚያመጡት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ሲተኙ፣ «አያ ፈንቴ፣ ይነሡ እንጂ! ረቡዕ ሊቀር ነው!» ብዬ አለቀስሁ። በሣቅ ሳላቸው ተነሣባቸው። ያን ክረምት ሲሥቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን አልገባኝም ነበር። አንዱ፣ በየዕለቱ ከጨረሱ በኋላ መጽሐፉን ተሳልመው በዝግታ፣ «ወልደ ሩፋኤልን አስብ» ይላሉ። የቤቱ ጻድቅ ነው ብዬ እኔም አብሬ እሰግድ ነበር። ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ሐሙስ መዝሙር መቶ ሰባትን ይጨርሱና ዘለው መቶ ዘጠኝ ይገባሉ። መቶ ስምንት ያለበት ሁለት ቅጠል በነጭ ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል። በጥሩ እጅ፣ ድርድር ብሎ፣ እንደ ጋቢ ጠርዝ።

«ምነው ተሰፋ?» አልኋቸው።

«ይተኛ» አሉኝና መቶ ዘጠኝን ቀጠሉ።

እንግዲህ አያ ፈንቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ማጽናናት ግን አይችሉበትም። አንድ ሰኞ ሆዴ ባብቶ ማንበብ ሲያቅተኝ፣ ከፊታችን ካለው መዝሙር አንዷን መስመር ወደ አማርኛ መለሱልኝ። አባትና እናት ቢጥሉኝም እግዚአብሔር ይቀበለኛል የምትለዋን። «ስሚ፣ ይቺ ላንች ናት» አሉኝ።

ለኔ? አባቴ ሞቶ እንጂ አልጣለኝም። እናቴስ? «ጣለችሽ» የሚል መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ካለ፣ አያ ፈንቴ የሚያውቁት እኔ ያልተነገረኝ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ እዚያች መስመር ሲደርሱ ውኃ ልቀዳ ብዬ እወጣለሁ፤ እንስራው ሞልቶም ቢሆን።

በነሐሴ መጨረሻ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ አውራ ዶሮ ተሰረቀ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች፤ ሰው የሞተ እንጂ ዶሮ የጠፋ አይመስልም።

«አያ ፈንቴ፣ በሞቴ! መቶ ስምንትን ይድገሙልኝ! ሌባውን አልጋ ላይ ያውልልኝ!»

«ለአንድ አውራ ዶሮ የሰው ነፍስ? አላደርገውም።»

«ኧረ መዝሙሩ ራሱ ሌባውን ፈልጎ ያገኘዋል! የክርስትና ስሙ ከታወቀማ ሳምንትም አይቆይ!»

«ዘነቡ፣ ቤትሽ ግቢ!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ዘነቡ እያጉረመረመች ወጣች። እኔ ግን ሰማሁ። ለካ መዝሙሩ የተሰፋው እንዳያመልጥ ነው! እንደ ተናካሽ ውሻ ታስሮ ነው የተኛው።

እንቁጣጣሽ መጣ። ጠዋት ገና ጤዛው ሳይደርቅ አደይ ለቅሜ፣ ማኪና ከሚቆምበት መንገድ ዳር ቆምሁ። ከቆላ የመጣ ሁሉ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ሲዘፍኑ፣ አዲስ ቀሚሳቸውን ሲያሳዩ በፊቴ አለፉ። አደዩ እጄ ላይ ጠወለገ። ሊመሽ ሲል አያ ፈንቴ መጥተው እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሳንጃ የመጣ አንድ ሠራተኛ መልእክት አመጣ። እናቴ ለአጨዳው ቀርታለች፤ የምትመጣው ኅዳር ነው። ለኔም በፌስታል ጫማ ልካለች። ፕላስቲክ፣ ቀይ፣ እንዴት ያለ ሸጋ ጫማ መሰላችሁ! ሳጠልቀው አልገባ አለኝ። ተረከዜ ውጭ ቀረ። ክረምቱን አድጌ ኖሯል።

እናቴ እግሬን ረሳችው! ሌላው ሁሉ ይቅር፤ እግሬን! እንግዲያው ሰኞ የሚነበበው እውነት ነው፤ ጥላኛለች። ዓይኔ ደም ለበሰ። እንዲያ ያለ ንዴት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይዞኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አያ ፈንቴ ወደ ደብር ሲሄዱ ጠብቄ ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣሁ። መርፌ አንሥቼ ነጩን ክር አንድ በአንድ ፈታሁት። ከዚያ ቆሜ፣ ተንፍሼ፣ መቶ ስምንትን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ምን እንደሚል አንድም ቃል አልገባኝም። ብቻ ሲያልቅ የእናቴን የክርስትና ስም ጠራሁ።

«ወለተ ሐና» አልሁ።

ምንም አልሆነም። መብረቅ የለ፣ ድምፅ የለ። ሽምብራ ቆሎ ነበር፤ እሱን በላሁ። ነጩ ክር እየፈታሁት ስለተበጣጠሰ ቅጠሎቹን መልሼ የሰፋሁት ከትምህርት ቤት ሹራቤ በመዘዝሁት ሰማያዊ ክር ነው። የኔ ስፌት አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፤ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ዓይናቸው ስለማያይ አያውቁም ብዬ ተኛሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ እዚያ ሲደርሱ ጣታቸው ስፌቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መቶ ዘጠኝን ጀመሩ።

የመስቀል ዋዜማ ያ ሠራተኛ ተመለሰ። ጓሮ ሆኜ ሰማሁት።

«ወባ ጥሏታል» አላቸው። «እህል ከቀመሰች ሰነበተች። ብናያትም አለየችን። ለልጅቱ አይንገሯት።»

እዚያው ጓሮ ቁጭ አልሁ። የዘነቡ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ አልጋ ላይ ያውልልኝ፣ የክርስትና ስሙ ከታወቀማ። እናቴን ገደልኋት። ማን ይሰማኛል? ለማን እነግራለሁ? ደመራው ሲለኮስ ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ከአያ ፈንቴ ጋቢ ሥር ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጫል። «በረደሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንደኔ ብቸኛ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በማግሥቱ አንድ ነገር ታሰበኝ። የተጠመጠመ ክር በመጣበት ይፈታ የለም? መዝሙሩንም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ባነበው ይፈታል። አያ ፈንቴ በወጡ ቁጥር ሰማያዊውን ክር ፈትቼ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቃል በቃል፣ እየተንተባተብሁ ወደ ኋላ አነባለሁ። ከዚያ መልሼ እሰፋለሁ። ቀዳዳው በዛ። እህል መብላት ተውሁ። አንዱን ሐሙስ እንዲህ ሆኜ አሳለፍሁት።

በሁለተኛው ሐሙስ ማለዳ እሳቸው ደብር ናቸው ብዬ እያነበብሁ መሀሉ ላይ ስደርስ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል አያ ፈንቴ በር ላይ ቆመዋል። መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ።

ቀስ ብለው አነሡት፣ ተሳለሙት፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስፌቱ የኔ እንዳልሆነ ካወቅሁ ሰነበትሁ» አሉ። «ዓይኔ ቢደክም ጣቴ አልደከመ። እስክትነግሪኝ ስጠብቅሽ ነበር። የዘነቡ ዶሮ ነው፣ አይደል? እሷ ናት ያስነበበችሽ።»

ዶሮ! አዎ ብል እገላገል ነበር። አልቻልሁም።

«ለእማዬ ነው» አልሁ። «እማዬ ላይ ነው ያነበብሁት። ስሟን ጠርቼ።»

ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ አያ ፈንቴ ያለቅሳሉ። ድምፅ የለውም፤ ዕንባው ብቻ በጢማቸው ይወርዳል። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ከበፊቱ የባሰ ፈራሁ።

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ግዕዙን ነው ያነበብሽው። አማርኛውን ልንገርሽ።» ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ላይ የተረገመው ሰው ልጆቹ ወላጅ የሌላቸው ይሁኑ ይላል። የናትሽ ልጅ ማን ናት?»

«እኔ።»

«እኮ! ራስሽን ነው የረገምሽው፣ የኔ ዓለም። እዚህ ዝቅ ብሎ ደግሞ የአባቶቹ ኃጢአት ይታሰብበት ይላል።» ጣታቸውን ከገጹ አነሡ። «እኔ ያነበብሁት በልጄ ላይ ነው። አባቱ ማን ነው? እኔው!»

ያን ጊዜ ነገሩኝ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ለድቁና እያስተማሩት ሳለ አንድ ቀን ሳይሰናበት በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ወደ ቆላ ጠፋ። እናቱ ስሙን እየጠራች ሞተች፤ ለቀብሯም አልመጣ። በሰባተኛው ቀን አያ ፈንቴ በንዴት ተነሥተው የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠርተው መቶ ስምንትን ደገሙበት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ይኑር ይሙት ወሬው አልተሰማም። እሳቸውም በማግሥቱ ቅጠሉን ሰፉት።

«ስሙ ማን ነው?» አልሁ።

«ወልደ ሩፋኤል።»

ጻድቁ! ስሰግድለት የከረምሁት ጻድቅ!

«አያ ፈንቴ፣ እማዬ ትድናለች?» አልኋቸው።

«አላውቅም፣ ልጄ። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁ።» ገጹን ወደኔ አዞሩት። «ዳዊት ይኼን ሁሉ ክፉ ቃል የተናገረው በማን ፊት ነው? ሳኦል ፊት ነው?»

«አይደለም። እግዚአብሔር ፊት።»

«ተባረኪ። ሳኦል ዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ሲወድቅለትስ ምን አደረገው? የልብሱን ጫፍ ቆረጠ፤ ሰውዬውን አልነካውም። ንዴቱን ሁሉ እዚያ አራግፎ ስለመጣ ነዋ! ሰው ሲናደድ ለእግዜር ይናደድበት። እሱ ይችለዋል። እኔ ግን ሰፍቼ አስቀመጥሁት። የተሰፋ ነገር ደግሞ ሲቆይ ይሸታል።» እንዲህ ብለው መርፌውን ከእጄ ወሰዱና የቀረውን ሰማያዊ ክር ራሳቸው ፈቱት። ያን ሐሙስ መቶ ስምንትን ሳይዘሉ፣ ጮክ ብለው፣ እናት ፊት እንደሚያለቅስ ሰው አነበቡት። ሲጨርሱ እሳቸው «ወልደ ሩፋኤልን አስብ» አሉ፤ እኔ «ወለተ ሐናን አስብ» አልሁ። ያን ቀን እህል በላሁ።

እናቴ የመጣችው ኅዳር ሲጋመስ ነው። በር ላይ የቆመችው ሴት ዓይኗ ቢጫ፣ ጉንጯ የጎደጎደ፣ ጸጉሯ የሳሳ ነበረች። ከመጽሐፉ ሳጥን ኋላ ተሸሸግሁ።

«ምነው ስንዱዬ፣ አላወቅሽኝም?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያሳመምሁሽ» ብዬ ሁሉን ዘረገፍሁት። ንባቡንም፣ ስሟን መጥራቴንም።

እናቴ መጀመሪያ አያ ፈንቴን አየች፣ ከዚያ እኔን፤ ሣቋና ልቅሶዋ ተቀላቀለ። «አንች ቂል! አንችን ጥዬ ስሄድ እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ራሴን ረገምሁት! እግዜር ያንችን በየት በኩል ሊሰማው!» አቀፈችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀይ ጫማ ስታይ ግን ሣቋ ጠፋ። አወረደችው፤ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በስንዝሯ ለካችው። መልሳ ለካችው። ከዚያ እግሬን ይዛ ምርር ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ ወደ ጠዳ ስንመለስ አያ ፈንቴ መንገድ ድረስ ሸኙን። ዳዊታቸው በማኅደሩ ሆኖ ትከሻቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብለው ለኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ላንችስ እናትሽ መጣችልሽ» አሉኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ለኔም ልጅ ዳዊት አንብቢለት። የሕፃን አፍ ይሰማል።»

«እሺ፣ በየሐሙሱ!» አልሁ።

እሺ ማለት ምን ያቅታል። የእናቴን እጅ ይዤ ነበር፤ ዞሬም አላየኋቸው። የጠዳ መንገድ ሳይጋመስ ወልደ ሩፋኤልን ረሳሁት። አንድም ሐሙስ አላነበብሁለትም። ባለፈው ወር የእትዬ ዘነቡ ልጅ ከተማ ውስጥ አግኝታኝ፣ «አያ ፈንቴ ሲሞቱ ለስንዱ ስጡልኝ ብለው ነበር፤ ይኸው እስካሁን ቤታችን ቆየ» ብላ ዳዊቱን ሰጠችኝ። ልጃቸው አልመጣም አለችኝ። መቶ ስምንት ያለበት ቅጠል ከሌላው ሁሉ ጠቁሯል፤ ጠርዙ በጣት ወዝ አልቋል። ብቻቸውን እስኪሞቱ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ አንብበውታል።

«እትዬ፣ ስም ልቅረጽበት?» አለኝ ቆዳ ሰፊው። «ማኅደሩ ላይ ሰው ሁሉ ስም ያስቀርጻል።»

«ወልደ ሩፋኤል በልበት።»

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«አይደለም። የሚጠበቅ ሰው ነው።»

ቆዳው ላይ በእርሳስ ጻፈው። «መቼ ይድረስልዎ?»

«ለሐሙስ» አልሁት። «አደራህን ከሐሙስ እንዳያልፍ። ብዙ ሐሙስ አልፎብኛል።»